በስድሳ ዓመት ብሬል መማር ይቻላልን? ተምሮስ ለማን ይጠቅማል?

የአዘዞ መምህርት (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን አማርኛና ኅብረተሰብ ሳስተምር ቆይቼ ዕድሜዬ ስድሳ ሲሞላ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልጆቼም ራሳቸውን ችለዋል፤ ስለዚህ ቀኑ ረዝሞብኛል ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

በጉርብትናዬ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀማሪ ነው። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሌላ የሚያነብለትም ሰው በቤት ውስጥ የለም። በዚህ ምክንያት ማታ ማታ መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ ይመጣና አነብለታለሁ፤ እርሱም ብሬል በተባለው፣ ዓይነ ስውራን በጣት እየዳሰሱ በሚያነቡት የነጥብ ጽሕፈት፣ በስሌት (ቀዳዳ ባለው መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያው) ወፍራም ወረቀት እየወጋ ማስታወሻ ይይዛል። እኔን የከነከነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው። ስንቱን ተማሪ ደብተር ሳርም የኖርሁ ሰው፣ ይህ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የጻፈውን አንዲት መስመር እንኳ ማንበብ አልችልም። ትክክል ይጻፍ፣ ይሳሳት፣ የማውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ብሬል ልማር ብዬ ተነሣሁ፤ ሐሳቡን ለዕድርተኞቻችን ባነሣው ግን ግማሾቹ ሣቁ፣ ግማሾቹም «ይህንስ ለወጣቶቹ ተይው» አሉኝ። እኔም ጥርጣሬ የለብኝም ማለት አይደለም። የጣቴ ስሜት እንደ ድሮው አይደለም፤ አዲስ ነገርም እንደ ወጣትነቴ ቶሎ አይያዘኝም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ነውና፣ በዚህ ዕድሜ ብሬል የተማረ ወይም ያስተማረ ሰው ካለ ቢመልስልኝ፤ ደግሞም የምማረው ነገር ለልጁ በእርግጥ የሚጠቅመው መሆኑን፣ ወይስ የራሴን ጊዜ መሙያ መሆኑን፣ ሳትሸፋፍኑ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ማራኪ

እትዬ፣ ስለ ጣትዎ ያነሡት ሥጋት በአጭሩ የሚዘጋ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የሚያይ ሰው ብሬልን የሚያነበው በዓይኑ እንጂ በጣቱ አይደለም፤ እኛ የልዩ ፍላጎት መምህራን የተማሪዎቻችንን ሥራ የምናርመው እንዲሁ እያየን ነው። የጣት ጫፍ ስሜት በዕድሜ እየቀነሰ መሄዱ እውነት ነው፤ ይህም በጎልማሳነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች ብሬልን በጣት ለማንበብ ከልጆች ይልቅ እንዲቸገሩ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። እርስዎን ግን አይመለከትም። ለእርስዎ የሚያስቸግረው የመብራቱ አቀማመጥ ይሆናል። ነጭ ነጥብ በነጭ ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ መብራት ከአናት ሲወርድበት ነጥቡ ከወረቀቱ አይለይም፤ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አድርገው፣ ወይም የጠረጴዛ መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ሲያበሩበት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ጥላ ስለሚጥል ጥርት ብሎ ይታያል። የማንበቢያ መነጽርዎን አይርሱ፤ አርባን ካለፍን በኋላ ያ ዕቃ የማያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፣ ከወጣቶቹ ይልቅ እርስዎ የሚቀልዎት ይመስለኛል። ብሬል ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ በኩል ደግሞ 4፣ 5፣ 6 ተብለው ይቆጠራሉ። ነጥቦቹን በማቀያየር የሚገኙት ምልክቶች 63 ናቸው። የእኛ መደበኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ስለሚሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንዳንድ ምልክት እንስጠው ቢባል አይበቃም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ ለብቻው ይጻፋል፤ ሳድስ ሲሆን አናባቢ አይጨመርበትም። ለምሳሌ «ል» ነጥብ 1፣ 2 እና 3 ነው፤ «ላ» ሲሆን ከአጠገቡ ባለው ቦታ ነጥብ 1 ይጨመራል። በዚህ ዓይነት «ሰላም» በቀለም ሲጻፍ ሦስት ፊደል የሆነው በብሬል አምስት ቦታ ይይዛል። የብሬል መጽሐፍ ተሸክመውት የማይሄዱት የሚሆነው ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ዘመኑን ሁሉ ያስቆጠረ መምህር ይህን ሥርዓት በጥቂት ጊዜ ይረዳዋል፤ ከተረዳ በኋላ የሚቀረው ተነባቢዎቹን መለማመድ ነው።

የሚያደናግረው መጻፉ ነው፤ በዚህ ላይ ላታልልዎት አልፈልግም። በስሌት ሲጻፍ ወረቀቱ ከኋላው ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ተነሥተው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። እንግዲህ ሲያነቡ በግራ ያዩት ነጥብ 1፣ ሲጽፉ በቀኝ ነው የሚወጋው። ጀማሪ ሁሉ፣ ሃያ ዓመትም ይሁን ሰባ፣ እዚህ ላይ ይምታታበታል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ማንበቡን ጨርሰው፣ ተረጋግተው፣ ከዚያ ወደ መጻፉ እንዲሄዱ ነው። ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል መኪና ወደ ፊት ስለሚጽፍ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ ስላልሆነ ለዚህ ብለው እንዳይገዙ።

ይህን ጽሕፈት ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1824 ሲያወጣው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ራሱም በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ ዓይኑን ተወግቶ የታወረ ነው። ይህን የማነሣው ስለ አስተማሪዎ ጉዳይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከኮሌጅ አስተማሪ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ያንን የጎረቤት ልጅ አስተምረኝ ይበሉት። እርሱ ከእርስዎ ሲያስነብብ፣ እርስዎ ደግሞ ከእርሱ ፊደል ሲቆጥሩ፣ ውለታው ሚዛን ይይዛል። ለሌላ ሰው የሚያስተምር ተማሪ የራሱንም አጻጻፍ እንደሚያጠራ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ጠበቃ፣ ፒያሳ

ይህን ውይይት የምከታተለው ስልኬ ጮኾ እያነበበልኝ ነው። እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በልጅነቴ ብሬል ተምሬ፣ ሕግ አጥንቼ፣ አሁን በዚሁ ሙያ እተዳደራለሁ። ከላይ የጻፉት መምህር ስለ ብሬል የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም።

እትዬ፣ ጥያቄዎን የጀመሩት እርስዎ ምን እንዳቃተዎት በመናገር ነው፤ ልጁ ምን እንደቸገረው ግን አልጻፉም። ጠይቀውታልን? በዕድሜዬ ብዙ ደግ ሰው አጋጥሞኛል፤ መንገድ ልሻገር ቆሜ ሳይሆን ሰው እየጠበቅሁ ሳለ ክንዴን ይዘው ጎትተው ያሻገሩኝም አሉ። በነገራችን ላይ፣ ሰው መምራት ሲያስፈልግ ክንዱን አይያዝም፤ የእርስዎን ክርን እንዲይዝ ተሰጥቶት ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። በፒያሳና በአራዳ መካከል ባለው ወጣ ገባ መንገድ ይህን የማያውቅ መሪ ከዱላዬ ይልቅ ያስፈራኛል።

ከተማሪነት ዘመኔ የማስታውሰው ትልቁ ችግር የሚያርመኝ መጥፋቱ ሳይሆን የሚነበብ መጥፋቱ ነበር። ዓይናማው የክፍል ጓደኛዬ መጽሐፉን ባሰኘው ሰዓት ይከፍተዋል፤ እኔ ግን የምማረው አንባቢ በተገኘ ሰዓት ብቻ ነበር። ፈተና ሲደርስ አንባቢዎቼም ራሳቸው ተፈታኞች ስለሆኑ ጭራሽ ይጠፋሉ። እርስዎ ማታ ማታ የሚያነቡለት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያነቡትን በስልክ ቢቀርጹለት ያው ድካም ዓመቱን ሙሉ ያገለግለዋል፤ ለታናናሾቹም ይተርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ችሎታ ደግሞ ቀላል አይምሰልዎት፤ የሚማሩት ሙያ ነው።

ሲቀርጹ እያንዳንዱን ምዕራፍ፣ ረዘም ካለም እያንዳንዱን ንዑስ ርእስ፣ ለየብቻ ያድርጉት፤ አንድ ወጥ የሆነ የሁለት ሰዓት ቅጂ ውስጥ አንድ ትርጓሜ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው። ገጽ ሲገለጥ የገጹን ቁጥር ይናገሩ፤ መምህሩ በክፍል ውስጥ «ገጽ 47 ግለጡ» ሲል ልጁ ከሰው እኩል እንዲገኝ። ሥዕል፣ ሠንጠረዥና ካርታ ሲመጣ «እዚህ ሥዕል አለ» ብለው አይለፉት፤ ምን እንደሚያሳይ ይግለጹ። የጣናን ካርታ ቢያገኙ፣ ጎንደር ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ ባሕር ዳር በስተ ደቡብ ዳርቻው ላይ መሆኗን፣ ዓባይም ከዚያው ከደቡቡ ጫፍ መውጣቱን መናገር ያሻል። አዲስ ቃልና የሰው ስም ሲያጋጥም ፊደሉን አንድ በአንድ ይቁጠሩለት። ሐሳብዎን ግን አይጨምሩ፤ ማብራሪያ ከፈለገ ይጠይቅዎታል፤ ከጠየቀም ከንባቡ ለይተው ይንገሩት።

የፈተና አንባቢ መሆን ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ጥያቄውንና ምርጫዎቹን በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ እንደ ተጻፈ፣ ስንት ጊዜ ቢጠየቁ ሳይሰለቹ ማንበብ ነው። ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስ ድምፁ የሚቀየር አንባቢ አጋጥሞኛል፤ ደግነቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን የእኔ ሳይሆን ቀረ። እርስዎ መምህርት ነዎትና ይህ ፈተና ይከብድዎታል ብዬ እገምታለሁ፤ የሚያውቁትን መልስ እያዩ ዝም ማለት ለመምህር ቀላል አይደለም።

መጽሐፍ መቅረጽ ሕገ ወጥ ይሆንብኛል ብለው እንዳይሠጉም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ የተፈረመው ስምምነት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍት በሚመቻቸው መልክ እንዲዘጋጁ በቅጂ መብት ሕግ ላይ ልዩ ሁኔታ እንዲደረግ የሚያስገድድ ነው፤ ሀገራችንም ተቀብላዋለች። ዓላማው ለእነርሱ ጥቅም እንጂ ለንግድ እንዳይሆን ነው መጠንቀቅ ያለብን።

ብሬሉን ይማሩ፤ አይቅርብዎ። ነገር ግን ዛሬ ማታ ልጁ ሲመጣ መጀመሪያ ጠይቁት፤ መቅረጹንም ከዛሬ ጀምሩ።

ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ

«ለወጣቶቹ ተይው» ስላሏችሁ ዕድርተኞች ጥቂት ልበል። የእኛ ዕድሜ ሰዎች ይህን ሲናገሩ መስማት ያስገርመኛል፤ ምክንያቱም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በየቀበሌው ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ማታ ማታ ለፊደል ሲሰበሰቡ ያየን፣ አንዳንዶቻችንም ጠመኔ ይዘን ያስተማርን እኛው ነን። ትምህርቱ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን፣ ዘመቻው በተከታዩ ዓመት በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። በዘመቻው ብዙ የሚተች ነገር ነበር፤ ግዴታውና ቅጣቱ የሚረሳ አይደለም። ሆኖም አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው እኩያ ፊደል ሲቆጥሩ «ዕድሜያችሁ አልፏል» ያላቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን ኬንያም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃ በሆነ ጊዜ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አዛውንት በ84 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ አንደኛ ክፍል ገብተው ከሕፃናት ጋር ተቀምጠዋል፤ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብም ሰፍረዋል።

ስለ ማስታወስ ችሎታ በሙያዬ ቅርበት የማውቀውን ልንገርዎት። ዕድሜ ሲገፋ የሚቀንሰው በዋናነት ፍጥነቱ ነው፤ የቃላትና የአጠቃላይ ዕውቀት ክምችት ግን ስድሳን ካለፉ በኋላም ጸንቶ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ይጨምራል። ስለዚህ ወጣቱ በአንድ ማታ የሚይዘውን እኛ በብዙ ማታ እንይዘዋለን፤ እርሱ ምንም አያሳፍርም። የሚጎዳን በአንድ ቁጭታ ብዙ ለመያዝ መሞከራችን ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ያሳየው ነገር አለ፤ አንድን ነገር በተከታታይ ደጋግሞ ከማጥናት ይልቅ ድግግሞሹን በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት በአነስተኛ ድካም የተሻለ ያስይዛል። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ሩብ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ከመጋደል ይሻላል። ደግሞም ሠንጠረዡን ትክ ብሎ ከማየት ይልቅ ሸፍነው ከራስዎ ለማውጣት ይሞክሩ፤ ሲያቅትዎ ገልጠው ይዩ። የቆሎ ተማሪው ትምህርቱን በቃሉ እየቀጸለ ለመምህሩ የሚያስረክበው ያው ነው፤ በጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን ስንት ዓይነ ስውር መሪጌታ አቋቋሙን በዚህ መንገድ ይዞት ኖሯል።

ሳይንሱን ለልጄ ነው

ሁላችሁም የምትደክሙት በከንቱ ይመስለኛል። ዛሬ ስልክ ጽሑፍን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ድምፅንም ወደ ጽሑፍ። ብሬል የድሮ ነገር ነው፤ እናታችን ጊዜያቸውን ለኮምፒዩተር ቢያውሉት ይሻላቸዋል።

ጠበቃ፣ ፒያሳ

ከላይ ለጻፉት ወንድሜ፦ እኔ በስልክ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የስልክ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን ሰምቶ ብቻ የተማረ ሰው ቃሉን ያውቃል እንጂ እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም። «ሠዓሊ» በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ ጆሮ አይናገርም። ሒሳብም በጆሮ አይያዝም፤ ረጅም የሒሳብ ሥራ መሃል ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን መስመር በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ፣ በከተማችን እንደሚታወቀው፣ ስልኬ ሲሞት ብሬሌ አይሞትም፤ እንዲያውም በጨለማ ከእናንተ ይልቅ የማነበው እኔ ነኝ። መምህርቷ የልጁን አጻጻፍ ለማረም መፈለጋቸው ትክክል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ እኔ የተከራከርሁት የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ብቻ ነው።

የአዘዞ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበቃው «ጠይቀውታልን?» ሲሉኝ ትንሽ አፈርሁ፤ በዚያው ማታ ጠየቅሁት። መልሱ እኔ ከገመትሁት ሌላ ነበር። መጀመሪያ የሚፈልገው ጂኦግራፊ እንዲቀረጽለት ነው፤ መጽሐፉ በካርታና በሠንጠረዥ የተሞላ ስለሆነ፣ የሚያነቡለት ጓደኞቹ እነዚያን እየዘለሉ ያልፉበታል። ፊደሉን አስተምረኝ ብለው ደግሞ ሣቀብኝ፤ ወዲያው ግን ስሌቱን አውጥቶ ጣቴን ይዞ ስድስቱን ቀዳዳ አስቆጠረኝ። አስተማሪነቱ ቁጡ ነው፤ ስሳሳት አያዝንልኝም፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲህ ነበርሁና አልከፋኝም።

እንግዲህ ማታ ማታ መጀመሪያ እንቀርጻለን፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ያስተምረኛል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ብቻዬን እለማመዳለሁ። ከዕድራችንም ጡረታ የወጡ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ሰምተው፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ እኔ ልቅረጽ ብለዋል፤ ቀድሞ ከሣቁት አንዷ ናቸው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለልምምድ በተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስጽፍ ስታይለሱ ይቀደዋል፤ ነጥቡም በማግሥቱ ይተኛል። የብሬል ወረቀት በጎንደር የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጠይቄ አላገኘሁም። ምን ትጠቀማላችሁ?

የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ማራኪ

የፎቶ ኮፒው ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም የሚባለው ነው፤ ለብሬል ስስ ነው። ከ140 እስከ 160 ግራም የሚሆን ቢያገኙ ጥሩ ነው፤ መደብር ሲጠይቁ የብሬል ወረቀት ከማለት ይልቅ ለሥዕል ወይም ለሽፋን የሚሆን ወፍራም ወረቀት ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ በስሌትዎ ልክ ያስቆርጡት። ለልምምድ ግን ገንዘብ አያውጡ። ዓመቱ ያለፈ የግድግዳ ካላንደር ነጥቡን በደንብ ይይዛል፤ ጀርባው ነጭ ስለሆነም ከጎን በሚመጣ ብርሃን ለዓይንዎ ይመችዎታል። በተጻፈበት በኩል አድርገው ይውጉት፤ ነጥቡ በነጩ በኩል ይነሣል። ስታይለሱንም ሲወጉ አያዘንብሉት፤ ወረቀቱን የሚቀድደው ብዙ ጊዜ ኃይል መብዛቱ ሳይሆን መሣሪያው ማዘንበሉ ነው። የጻፉትን ገጾች ደግሞ አንዱን በአንዱ ላይ ቆልለው ከባድ ነገር አይጫኑባቸው፤ መጽሐፍ እንደሚቆም አቁመው ያስቀምጧቸው።